ሦስተኛው ቅብ

የመጀመሪያዋን ንፋስ አልጣላትም፤
ሽቦም አልጠለፋት፣ ጭልፊትም አልነካት፤
የገዛ ነዳጇ ነው ከውስጥ ያሟሟት።
አፍንጫዋ ርሶ፣ ሻይ እንደ ጠገበ ዳቦ ላልቶ፣
ሞተሩ ብቻውን በረረ ግድግዳውን ፈትቶ፤
ገላዋ ማሽላው ላይ ቀረ፣
እሱ ቦርከና ገባ እየተሽከረከረ።

አያ ይመር አልተቆጣም።
ሱሪውን ሰብስቦ ከጭቃው አወጣው፣
በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ አየው፣ አሸተተው፤
"የሚያበርራት ነው" አለኝ "የሚበላት፤
ጥፋቱ የኛ ነው፣ ሳናለብስ አጠጣናት።"

ያን ሳምንት ሲስል ሰነበተ፦
ጠዋት ቢላውን በሞረድ፤
ከሰዓት ክንፏን በእርሳስ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ፤
ሌሊት ደግሞ ምንም ሳይዝ፣ ዝም ብሎ፣
እስኪነጋ ሲስል፣ ትራሱን ታቅፎ።

ባልሳ የሚሉት እንጨት ኮምቦልቻ የት ይገኛል?
ከሐረጎ ቁልቁለት የደረቀ ቁልቋል ጎተትን፣
ወተቱ ካለቀ የቆየ፣ መጋዝ ሲነካው የማይጮህ፤
ሰንጥቀን፣ ፍቀን፣ ሃያ ሁለት የጎድን አጥንት አወጣን።
ለጀርባዋ ቀርከሃ፣ ለሞተሩ ግድግዳ ኮምፔርሳቶ፣
ለቆዳዋ ከልብስ ሰፊ የለመንነው ስስ ገበር።

ከዚያ ቅቡ።
"እጅሽ ቀጭን ነው ሰዓዳ፣ የታንኩን ጓዳ አንቺ ግቢበት።"
ኢፖክሲ በአልኮል አቅጥኜ፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ፣
ቶሎ ቶሎ፤ የኮምቦልቻ ሙቀት
ኢፖክሲን ሐሳብ አያስጨርስም።
አንደኛው ቅብ የእንጨቱ ድርሻ ነው፦
ጠጣው፣ ጠፋ፣ የቀባሁም አልመሰለኝ።
ሁለተኛው ሻከረ፤ በብርጭቆ ወረቀት ላግኩት፤
አቧራው ነጭ ሆኖ ክንዴ ላይ ሲያርፍ
አያ ይመር ወንበሩን ወደ በር ሳበ።
"እንዲህ ነበር" አለ "ፈትል ክፍል፤
ሃያ ስድስት ዓመት በረዶ ጣለብን፣ የጥጥ በረዶ።
ደሞዙ ደህና ነበር፤ እናትሽን በሱ ነው ያስተማርኩ።
ቅብ ግን አልነበረም።"
ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤
ውሃ አመጣሁለት።

ሦስተኛው ቅብ ግን አበራ፤
ጠማማ ፊቴን አየሁበት።

ጁምዓ ተሰግዶ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣
ካንዴላዋን በአንድ የባትሪ ድንጋይ አጋልን።
ነዳጁ ሜታኖል፣ ውስጡ የጉሎ ዘይት፤
ጉሎ ያው የደጃችን ጉሎ፣ ማንም የማይዘራው፣
ፍየል እንኳ አሽትታ የምታልፈው።
ውልብልቢቱን በዱላ መታ። አንዴ። ሁለቴ።
(በጣት የሚመታ ሞኝ ነው፤
የግራ ሌባ ጣቱ ምስክር፣ በአንድ አንጓ ያጠረች።)
በሦስተኛው ጮኸች።

ጥላዋ የታጨደውን ማሽላ ዘለለ፣ ወንዙን ዘለለ፣
ከፋብሪካ የወጣ ፈረቃ አስፋልት ላይ ቆመ፣
ሁሉም አንገቱን አቀና፣ ምሳ ዕቃው በእጁ።
ሪሞቱ እሱ ጋ፤ እኔ ደቂቃ ቆጣሪ።
ዘጠኝ።

ስትወርድ ቅቤ እንደ ተቀባ ራስ ታብለጨልጫለች፤
በጨርቅ ጠረግኳት፤ ዘይቱ ወጣ፣ እንጨቱ ደረቅ።
ጓዳዋን ከፈትኩ፦ ከታንኩ ሥር አንዲት የብሎን ቀዳዳ፣
ሽንብራ የምታክል፣ ጥቁር፣ ርጥብ።
እኔ ነኝ የረሳኋት።

አንድ ሌሊት አደረቅናት።
በማግስቱ አያ ይመር መነጽሩን ሰካ፣
ስቴኪኒ ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ይዞ
ጎንበስ አለ፤
ትንፋሹን ዋጠ፤
ቀዳዳዋ እስክትሞላ
አንዴም አልሳለም።