ቀሪ ኪሎ ሜትር

ብሩክስ፣ አልበርታ። ኅዳር ሲጋመስ፣
ከዱዌይን ግቢ፣ ከብረት ክምር ሥር
አንዲት መኪና አየሁ፣ አፍንጫዋ የለም፤
አጋዘን ገጭታ ነው፣ ከትልቁ መንገድ ዳር።
ስሟ «ቅጠል» ነበር በፈረንጆቹ አፍ፤
ቅጠል ደሞ ያው ነው፣ አይቀርለት መርገፍ።

«ሆዷን ብቻ ልግዛ» አልኩት ለዱዌይን፤
ሆዷ ውስጥ ያለው ነው፣ አርባ ስምንት ሣጥን፣
ሁሉም ጠፍጣፋ፣ እንደ ሳርዲን ቆርቆሮ።
ሳቀብኝ ዱዌይን፣ ጢሙ በረዶ ቋጥሮ፤
«ለምንህ ነው?» «ለቤቴ።» «ቤትህ ጎማ አለው?»
ዋጋውን ቀነሰ፣ ቀልዱን ስለወደደው።

ሌሊቴን የሥጋ ፋብሪካው ወስዶታል፣
የተረፈኝ ቀን ነው፤ በቀን ጋራዥ ገባሁ።
ቢላ የለመደ እጄ፣ አንጓው ያበጠው፣
ብሎን ይፈታል ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ።
መፍቻዬን በፕላስተር ጠቀለልኩት፣
ቀለበቴን አውልቄ ምስማር ላይ ሰቀልኩት፤
ወርቅ ወዳጅ አያውቅም፤ ሁለት ጫፍ ካገናኘ
ጣት ይዞ ይቀልጣል።
ትርሲት በሩ ላይ ቆማ፦
«ዛሬም ቀለበትህን? ይህች ደሞ ማን ናት፣
በየቀኑ ጓንት ለብሰህ የምትዳስሳት?»

አንድ በአንድ ለካሁ፣ ጀርባቸው ላይ ጻፍኩ
በቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ ተማሪ ውጤት፦
ሰባት ነጥብ ስምንት። ሰባት ነጥብ ስምንት።
ሰባት ነጥብ ሰባት።
ሠላሳ አንደኛዋ፣ ስድስት።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ሲባል ነው የማውቀው።
ይኸኛው ድር ሌላ ነው፦
በአንድ መስመር ታስረው አንዷ ከደከመች
የሁሉም ልክ እሷ ናት፤
ብርቱው ጉልበት እያለው አብሯት ይቀመጣል።
አዲስ ነገር አይደለም። ፋብሪካም እንዲሁ ነው፤
ሮዴል ትከሻውን ይዞ ዝቅ ያለ ለት
ሥጋው ይከመራል፣ አርባ ሰው ይቆማል፣
አለቃ ሮዴልን ያያል፣ እኛ መሬቱን።
ሠላሳ አንደኛዋን ከመስመር አወጣኋት።
አልጣልኳትም ግን።

ጥር ገባ። ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
ሊቲየም ሲበርደው ቢያጎርሱት አይወድም፤
በግድ ካጎረሱት ይታመማል፣ አይድንም።
መጀመሪያ አሙቀው፣ ከዚያ አብላው።
ሣጥኑን በፎም ለበጥኩ፣ ከሥሩ አነጠፍኩ
የትርሲትን የቲማቲም ችግኝ ማሞቂያ
(እስካሁን አላወቀችም)።
ፀሐይዋ ጣራው ላይ ታበራለች፣ አትሞቅም፣
ብቻ ትሠራለች።
ወርዶፋ ደወለልኝ ከካልጋሪ፦
«እንዴት ነው ነገሩ፣ ሞላልህ?»
ኑሮዬን ነበር የጠየቀኝ።
«ዘጠና ሁለት ከመቶ» አልኩት።

ጥር ሳያልቅ ነፋስ ሽቦውን በጠሰው፣
ሰፈሩ ጨለመ፣ በር ተንኳኳ።
አንዲት አሮጊት፣ ቅንድቧ ላይ ውርጭ፣
ግራ እጇ የማይታጠፍ።
«ማርጆሪ እባላለሁ። ዱዌይን ነው የነገረኝ።
መኪናዬ እዚህ ናት አሉ።»

ምን ይባላል? በጋራዡ በኩል አስገባኋት።
አረንጓዴዋ መብራት በርታለች፣
ኢንቨርተሩ ያንጎራጉራል፣ ማሞቂያው ይነፍሳል፣
ትርሲት ሻይ እያፈላች ነው፣ በመኪናዋ።
ማርጆሪ ሣጥኑ ላይ እጇን አሳረፈች፣
ያመመው ላም እንደሚዳስስ ሰው፦

«ዘጠኝ ዓመት ትምህርት ቤት አመላልሳኛለች።
በክረምት ዓይኔ ከቁጥሩ አይነቀልም፤
ቀሪ ሠላሳ፣ ቀሪ ሃያ፣ ቀሪ አሥራ ሁለት፣
እደርስ ይሆን፣ እደርስ ይሆን እያልኩ።
አሁንስ? ስንት ኪሎ ሜትር ቀራት?»

ቤት አይሄድ። ጎማ የለው። አሰብኩ።
«እስከ ነገ ጠዋት» አልኳት።
ሳቀች፣ ኮቷን አወለቀች፣
ሁለት ብርጭቆ ጠጣች፣ ሦስተኛውን እምቢ አለች፤
ድመቷን ትታ አታድርም።

ሠላሳ አንደኛዋን አንድ አምፖል ገጥሜላት ነበር፤
ብቻዋን ስትሆን ያን ያህል አትደክምም።
ማርጆሪ በደህና እጇ ይዛት ወጣች።
ትርሲትና እኔ መስኮቱ ላይ ቆምን፦
ብርሃኗ በረዶውን ቀስ ብላ አቋረጠች፣
አጥሩ ጋ ጠፋች፣
ከአጥሩ ወዲያ ብቅ አለች፣
ከዚያ በሰው ቤት መስኮት ገባች።

የከተማው መብራት ሲመጣ አላየንም።
ተኝተን ነበር።
ቀለበቴ ምስማሩ ላይ አደረ።