ሰባተኛው መስመር

ቶርስሃቭን ላይ ጉም ሲወርድ፣ የጣሪያው ሣር ሲያጎነብስ፣
ራንቫ የጀልባ ቲኬት ቆርጣ፣ ከነርጥብ ካፖርቷ ስትመለስ፣
ሌላ ሥራ ይጠብቃታል፣ ደሞዝ የሌለው፣ የማታ፤
በአድናቂዎች ማኅደር ደጅ፣ የመጣውን መዝና ለክታ
ይህ ይግባ፣ ይህ ይቅር ማለት።

ሕጉ ግድግዳዋ ላይ ተለጥፏል፤
አንድ ጠርዙ በሻይ ወይቧል።
«ዘፈን የሠሪው ነው፤ ድምፁን እዚህ አታኑሩ።
ርዕሱን ጥሩ፣ ዘፋኙን ጥሩ፣ የት እንደሚገኝ ንገሩ።
የስም ጥርቅም ብቻውን ግን ሥራ አይባልም፤
የሱቅ ደረሰኝ ግጥም አይደለም።
የራሳችሁን ቃል ጨምሩበት፤
ይህን ዘፈን ለምን፣ ለማን ብላችሁ እንደመረጣችሁት።»

እሷ አላወጣችውም። ግን አንድ ክረምት አንድ ጎረምሳ ሙሉ አልበም ጭኖ፣
የጠበቃ ደብዳቤ መጣ፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ እንደ በረዶ ሆኖ፤
የስንቱ ሰው ድካም፣ ሦስት ሳምንት በላዩ ተዘጋ።
ከዚያ ወዲህ ራንቫ ዘብ ናት፣ አንዳንዴም እስኪነጋ።

ማክሰኞ ማታ አንድ ዝርዝር መጣ፤
አሥራ አንድ መስመር፣ ያለ መግቢያ፣ እርቃኑን የወጣ።
ላኪው ኦድማር፣ ከክላክስቪክ፣ መረብ ጠጋኝ፣ ሰባ አራት ዓመቱ፤
ዝርዝሩ ለአንድ የድሮ የሬዲዮ ድራማ፣ ለባሕር ማማው መብራት ጠባቂ፣ ለብቸኝነቱ።
ከነድምፁ ልኮታል፤ ከካሴት የተቀዳ ነው፣ ይንኮሻኮሻል።
ሰባተኛው ላይ ዘፈን የለም፤ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፣
አንዲት ሴት ትስቃለች።
የቀረጻ ስህተት ነው ብላ ራንቫ አለፈች።

«ውድ ኦድማር፣ ድምፁን መቀበል አልችልም፤
ባለቤት አለው፤ እኔም እርስዎም አይደለንም።
ስሞቹ ይቆዩ። በየሥራቸው ግን
ጥቂት ቃል ይጻፉልን።»

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፦
«እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ገመዱን ሌላ ሰው ነው የፈተለው፤
የት ላይ እንደሚቋጠር ግን እኔ ነኝ የማውቀው።
ዘፈን አልሠራሁም፤ ማን ከማን ኋላ እንደሚመጣ ነው የወሰንኩት።
ይህ ሥራ ካልተባለ፣ ሃምሳ ዓመት ምን ነበር የጠገንኩት?»

ራንቫ ሳቀች፤ ተናደደችም። ሻይዋ በረደ።
እውነቱን ነው። ሕጉም እውነቱን ነው።
ሁለት እውነት ጠባብ በር ላይ ቢገናኙ፣ ለማን ነው ማን የሚያሳልፈው?
«እንግዲያው ቋጠሮውን ያሳዩኝ» አለችው። ይኸው ነው።

እሑድ ጠዋት፣ ድምፁ ሁሉ ተነቅሎ፣ ይህ ደረሰ፦

አንደኛ። መብራቱን ሲለኩስ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ዝግ ያለ መረጥኩ።
ሁለተኛ። ይህን ሱኑቫ ትጠላው ነበር። ጠባቂውም ይጠላዋል። ይኑር።
ሦስተኛ። ለባሕሩ።
አራተኛ። አሁንም ለባሕሩ፤ በመጀመሪያው አልሰማም።
አምስተኛ። ድራማውን የሰማንበት ወጥ ቤት፤ እሷ ድንች ትልጣለች።
ስድስተኛ። ቢላዋውን እንደያዘች ቀና ብላ «ይህ ሰውዬ አንተን ይመስላል» ያለች ለታ።
ሰባተኛ። ይህ የማንም ዘፈን አልነበረም። ሚስቴ ናት። ድምፅ አታኑሩ ስላላችሁኝ ዝም አሰኘኋት።

ስምንተኛውን ራንቫ ወዲያው አላነበበችም።
መስኮቱን ከፈተች። ከወደቡ ምንም አይታይም።
ከዚያ ከግድግዳው ወረቀቱን ነቅላ
ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አነበበች፣ ጣቷን ከመስመር መስመር አስከትላ፤
«ዘፈን የሠሪው ነው» ይላል። ስለ ሳቅ አይልም።
ስለ ማንቆርቆሪያ አይልም።

«ሰባተኛውን ይመልሱት» ብላ ጻፈች፣ ለሽማግሌው፤
«እሱ የእርስዎ ነው።»

አሁን እዚያ ማኅደር ውስጥ አንድ ዝርዝር አለ፤
አሥሩ መስመር ስም ብቻ፣ ዘፈኑ በየባለቤቱ ቤት የዋለ፤
አንዷ ግን ስትነካ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል፣ ወንበር ይጎተታል፣
«ሠሪ» በሚለው ቦታ ሱኑቫ ይላል።