አምስት ቃል

ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊው ጎረቤት፣
ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ በአንድ ክንድ ከስንዝር ቤት።
ደንበኛ የራቀኝ ዕለት አንዱን ደጅ አወጣለሁ፣
ጆሮ እስኪበጥስ ድረስ ጮክ አድርጌ እከፍታለሁ።

ያን ማለዳ ጉም ነበር፤ ጦሳ ራሱን ተከናንቦ፣
ከአየር የሚመጣውን ድምፅ በጉያው ይዞታል ሰብስቦ።
ማጉያውም የታመመ፣ ሽቦው በአንድ ክር የቀረ፤
ዜና አንባቢዋ ስትጀምር እኩሉ ቃል ተሰወረ፦

«…የሐረጎ መንገድ… ለጊዜው ዝግ… መሆኑ…»

ከዚያ ወዲያ ሽሽታ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር።
አምስት ቃል ነው የሰማነው፤ አምስት ብቻ ቢቆጠር።

ጦይባ የደረደረችውን ሽንኩርት ከሸራው ላይ ሰበሰበች፣
«ከኮምቦልቻ ካልወጣማ!» ብላ አስር ብር ጨመረች።
ልብስ ሰፊው እንድሪስ መቀሱን ጨርቅ ላይ አቆመ፤
«ያን ጊዜም እንዲህ ነው የጀመረው» አለ፤ ፊቱ ጨለመ።
ፉአድ ግን ዘለለ በደስታ፤ የሒሳቡ መምህር
ከታች ነው የሚመጡት፣
ፈተና ቀረ በሱ ቁጥር።
አንድ መንገደኛ ቆም ብሎ ያልጠየቅነውን ተናገረ፦
«ድልድዩ ተደርምሶ ነው።»
እሱ ሄደ። ቃሉ ቀረ።

ቀትር ላይ፣ ሰኞ ገበያ፣ ድልድዩ ሁለት ሆነ፤
በዘጠኝ ሰዓት ቧንቧ ውሃ፣
አንድ አውቶቡስ ከነሰዉ ገደል ገብቶ ባከነ።

እኔስ?
እኔ ጠጋኙ፣ የሽቦውን ስብራት የማውቀው፣
ወንድሜ ሹፌር ነው፤ በዚያች ሰዓት ሐረጎን የሚወጣው።
ማንም ስሙን አልጠራ፤ እኔ ግን ከሽሽታው መሀል፣
«አበጋዝ» ሲባል ሰማሁ፤
ጥርት ብሎ፣ እንደ ስድስተኛ ቃል።

አመሻሽ ላይ እሱው መጣ፣ የሸሚዙን አቧራ አራግፎ፣
ከገዛው ሙዝ ሁለቱን በልቶ፣ አምስቱን ለእኔ አትርፎ።
«መንገዱስ?»
«የቱ መንገድ?»
«ዝግ ነው ብለው!» እስኪያስለው ሳቀ፤
«ለብስክሌት ውድድር እኮ ነው! እሁድ፣ ግማሽ ቀን።» ደግሞ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም። ክንዱን ያዝኩት፣ እንደ ዕቃ፣ ላብ እስኪወርደኝ፤
«ምን ሆነሃል?» አለኝ።
ምን እንደሰማሁ መናገር ከበደኝ።

በማግስቱ ሽቦውን በየድኩ፤ ጉሙም ጦሳን ለቆ ወጣ።
ድምፁ ጠራ፤ የአንባቢዋ ትንፋሽ ሳይቀር ጆሮዬ መጣ።
ስለ ስኳር ነበር ወሬው፤ እስከ አራት ነጥቡ ተሰማ።
ጦይባ፦ «ሊጠፋ ነው!» እንድሪስ፦ «ሊገባ ነው!»
ፉአድ ስልኩ ላይ ነው፤ ጭራሽ አልሰማ።

ሬዲዮኑን እንደገና ፈታሁ፤ ብየዳው ፍንክች አላለም።
ክሩን ሁሉ ቆጠርኩ አንድ በአንድ፤
የጎደለ የለም።

መንገዱ ያው ክፍት ነው፤ ኧረ ተዘግቶም አያውቅም፤
የጦይባ ሽንኩርት አስር ብር ግን
እስከ ዛሬ አልወረደም።