ጭራ

አሥራ አንድ መኪና ነን፣ የስቅለት ማለዳ፣
ከሞስማን በስተሰሜን፣ ከሸንኮራው ሜዳ፣
አስፋልቱ ካበቃበት ወርደን ተኮልኩለን፣
የጎማችንን አየር ግማሹን አጉድለን።
ዴዝሊ፣ ሊቀ መንበር፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣
ስም ትጠራ ጀመር በወረቀት ተርታ፤
«ፊት እኔ። ቀጥሎ ሲልቫኖ በፓትሮሉ።
ልጆች የያዛችሁ መሐል መሐል በሉ።
መርቪን፣ አንተ እንደ ልማድህ...» አልጨረሰችውም፤
እኔም አላስጨረስኳት፣ አዲስ ነገር የለውም።

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ ጭራ ከተባልኩኝ፣
የሌላውን ጭቃ ስጠጣ ከኖርኩኝ።
ሥራው ከባድ አይደል፤ የወደቀ ማንሣት፣
የከብት አጥሩን በር መዝጋት አለመርሳት፣
ማታ ድንኳን ሲተከል «አሥራ አንድ» ማለት፣
ከዚያ ጫማ አውልቆ መንቀል ነው አልቅት።

ችግሩ ሌላ ነው።
ፊት ያለው ጫካውን እንዳደረ ያያል፣
ጤዛው ሳይረግፍ፣ ዱካ ሳይጣልበት ያልፋል።
እኔ ጋ ሲደርስ ግን መንገድ መሆኑ ቀርቷል፣
አሥር ሰው የበላበት ያልታጠበ ትሪ ይመስላል።
እነሱ ሲሻገሩ የወንዙ ጠጠር ይቆጠራል፤
እኔን ሻይ በወተት ሆኖ ይጠብቀኛል።
«በስተግራ! ሰማያዊ ቢራቢሮ፣ መዳፍ የሚያክል!» ይላል ራዲዮው።
እደርሳለሁ፤ የለም።
«እባብ! ከቅርንጫፉ ላይ ተጠምጥሟል!»
እደርሳለሁ፤ የለም።
ቅርንጫፉ ብቻ ይወዛወዛል።

አንድ ሐረግ አለ በዚህ ጫካ የሚያድር፣
ከቀንጠፋ የባሰ፣ በመንጠቆው የሚያስር፤
የአገሩ ሰዎች «ቆይ ጥቂት» ይሉታል።
የቸኮለ ሰው ሲያልፍ እጅጌውን ይይዛል፤
ቢስቡት ይጠብቃል፣ ቢታገሉት ሥጋ ይቀዳል፣
ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ከሄዱለት ይለቃል።
ሲልቫኖ ግን ሸንኮራ ሲቆርጥ ያደገ ነው፤
ሸሚዙን ለሐረጉ ትቶ ነው የወጣው።

ቅዳሜ ዘነበ። ዘነበም አይባል፤
ሰማዩ ተቀዶ ጫካው ላይ ተቀምጧል።
የኮርቢን ላንድክሩዘር፣ ቤት በሚገዛ ዋጋ፣
እንደ ጉማሬ ተኛች ሆዷ ጭቃ ሲነካ።
ቅርፊቱ እንዳይላጥ ዛፉን በሰፊ ቀበቶ አቅፈን፣
ዊንቹ ሲያቃስት፣ ክላቹ ሲሸት፣ ሦስት ሰዓት ዳከርን፤
በአራት ጎማ ገብተን በአራት እግር ወጣን።
የኮርቢን ልጅ ጁኒ፣ የቸኮሌት እንቁላሏ
ዳሽቦርዱ ላይ ቀልጦ ሲንጠባጠብ ከጉያዋ፣
«ፋሲካ ፈሰሰ!» ብላ አለቀሰች።

እሑድ ረፋዱ ላይ ራዲዮው ዝም አለ።
ከዚያ የዴዝሊ ድምፅ፦
«ተራራው ወርዷል። መንገድ የለም።
መዞሪያም የለም፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ ግድግዳ።
ጭራ፣ ትሰማለህ?»
«እሰማለሁ።»
«እንግዲህ ምራን።»

ኋላ የነበረ ፊት እንደሚሆን ሰምቼ ነበር፤
በኋላ ማርሽ መሆኑን ግን ማን ነገረኝ!
ሁለት ኪሎ ሜትር አንገቴን ጠምዝዤ፣
ከድሮ ቆርቆሮ ቆፋሪዎች ሜዳ ደረስኩና ዞርኩ።
ዘጠኝ ዓመት ጫካ ማለት ለኔ የሰው ጀርባ ነበር፤
የሰሌዳ ቁጥራቸውን እንደ ልደቴ ቀን አውቃለሁ።
አሁን ፊቴ ማንም የለም።
የትናንት ዱካችንን ሌሊቱ አጥቦታል፤
ትሪው ንጹሕ ነው።

ከኩርባው ላይ ቆሞ አየሁት።
ካሶዋሪ። ቁመቱ ሰው የሚያክል፣ አንገቱ ሰማያዊ፣
ራሱ ላይ የቀንድ ቆብ የደፋ፣
ከእግሩ ሥር ሦስት ልጆች፣
የጫጩትነት ግርፋታቸው ሊጠፋ የተቃረበ።
እናታቸው አይደለም፤ በዚህ ወፍ ወግ
ልጅ የሚያሳድገው አባት ነው።
ሁለቱን አሻግሯል። ሦስተኛዋ ኋላ ቀርታ
ከወደቀ ፍሬ ጋር ትታገላለች።
አይጠራት፣ አይቆጣት። አንድ እግሩን አንሥቶ፣
የሚቆጥር መስሎ፣ ይጠብቃታል።

ሞተር አጠፋሁ።
ከኋላዬ አንድ በአንድ አሥሩም ጠፉ፤
ጫካው ሲንጠባጠብ ተሰማ።
«ፊት፣ ትሰማለህ?» አለች ዴዝሊ፣ ከጭራ ሆና፣
«ምን ሆነህ ቆምክ?»
መነጋገሪያውን ጫንኩት።
ትንሿ ገና አልተሻገረችም።

«ቆይ ጥቂት» አልኳት።