የመጀመሪያዋ አባይ

ከደጀን ቁልቁለት፣ ከአባይ በረሃ፣
አፈር እነፋለሁ በወንፊት፣ በውሃ።
ምሁራኑ ዘመን በሺህ ሲቆጥሩ
እኔ ቀን ቆጥሬ፣ ቅዳሜ ነው ብሩ።

ትናንት ከአመድ ሥር፣ ከሦስት ክንድ በታች፣
የባቄላ ክክ የምታህል ጥርስ ወጣች፤
የልጅ ናት። አጠገቧ ቀይ አፈር፣ በጣት የደቀቀ፣
ማንም የማይበላው፣ ማንንም ያላሞቀ።
ዶክተሩን "ቀዩስ?" ብለው፣ መነጽሩን ወልውሎ
"ማስረጃ የለንም" አለኝ ፈገግ ብሎ።

ማስረጃ እኔም የለኝ።

ቃል ገና ጥቂት ነው፤ "ና"፣ "ሽሽ"፣ "እሳት"፣ "ሥጋ"፣
ያዩትን መጥራት ነው፣ ጣት ወደዚያ ሲዘረጋ።
ያልታየ ነገር ስም አልነበረውም ገና።
አዞ ልጇን ወስዶ፣ ውሃው ጸጥ ሲል መልሶ፣
ሴቲቱ ወጣች ከወንዝ፣ እጇ ባዶ፣ ፀጉሯ ርሶ።
እሳቱን የከበቡት ቀና ብለው አዩዋት፣
በጣት እየጠቆሙ "የት?" ብለው ጠየቋት።
"አዞ" ማለት ትችላለች። ቃሉ ነበራት።
ጉሮሮዋ መሐል ተሰነቀረባት።

ወደ ጥልቁ ዞራ፣ ወደሚተነው ጉም፣
አንድ ነገር አለች፤ ያየው የለም ማንም።
"ጠራው" አለች፣ "ውሃው። ከታች ቤት አለ፤
እሳት አለ፤ እናት..." ድምጿ ተንጠለጠለ።
ማንም "ዋሸሽ" አላለ፤ ቃሉም አልበቀለ።
አንድ ሽማግሌ ብቻ ከሥጋው ቦጨቀ፣
ለወንዙ ወረወረ። ውሃው ተንቦጫረቀ።
መልስ መሰላቸው።
እሷም የቀረቻትን የወተት ጥርሱን
ቀይ ቀብታ ቀበረች፣ ደጅ መክፈቻው ትሁን።

ከየት አመጣኸው ብትሉኝ፣
የዛሬ ዐሥር ክረምት አትርሳው ወንድሜ
ከመሻገሪያው ቀረ፣ እያየሁት ቆሜ።
ጎርፉ ነው። በሬውንም እሱንም አንድ ላይ።
እናቴ ግን "ሰጠመ" የሚል ሰው ደጇ ላይ
አታስቆምም።
"ጠሩት" ነው የምትለው። ሚስት ድረውለታል፤
ዘንድሮ ሴት ወልዶ፣ ስም ማውጣት ቸግሮታል።
ጳጉሜ ሲገባ ቆሎ ቋጥራ ትወርዳለች፣
ባዶ እጇን ተመልሳ "በሉልኝ" ትላለች።

የኛ ሰው ወንዙንም አባይ፣ ዋሾንም አባይ ይላል።
ስም አጥሮት ይመስለኝ ነበር። አሁን እንጃ።

ማታ እጄን ስታጠብ ከጥፍሬ ሥር ቀይ አፈር ነበር።
እናቴ አየችው። "ደረስክ እንዴ ከዚያ ሰፈር?"
ትንሽ ዝም አልኩ።
"ደህና ናቸው" አልኳት።