ስምንት ሜጋ ባይት

ከመስኮቴ ማዶ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ሁለት ጎተራዎች ቆመዋል፤
ስንዴ ጭኖ የሚመጣ ባቡር ከራቃቸው ዓመታት ተቆጥረዋል።
ተራራ ያህላሉ። ባዶ ናቸው። ንፋስ ነው የሚሰፍሩት፣
የተንደር ቤይን ውርጭ በቁና በቁና እየለኩት።

እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ፣ ከመዳፌ የሚያንስ ራውተር፤
ሆዱ ስምንት ሜጋ ባይት፣ ያውም ሥራው ሳይጀመር
ስድስት ተኩሉን የገዛ ሥርዓቱ ይዞት የነበር።
ስድሳ አንድ ናቸው እንዲህ ያሉ፣ በስድስት ፎቅ የተበተኑ፣
ትምህርት ቤት ከጣለው ካርቶን ለቅመናቸው የዳኑ።

የሁሉም የይለፍ ቃል ዛሬ ማታ ይቀየር ተብሏል፤
በየደጁ እየዞርኩ በእጄ ብነካካ ፋሲካ ይደርሳል።
ስለዚህ አዛዡን ጠራሁ፣ አንዴ ጽፈው የሚያሰማሩትን፣
ያንን ሺህ ሎሌ በአንድ ቃል የሚያስነሱበትን።
«ፓይተን ይጫንልኝ» አለኝ፣ «በየቤቱ፣ አስቀድሞ፣
ያለሱ አፌ አይፈታም።» እንደ ባላባት ቆሞ
ድንኳኔን፣ አጋሰሴን፣ ወጥ ቤቴን ሳላስገባ አልገባም አለ፣
ቁርበት ከማይዘረጋባት ጎጆ ደጅ ላይ እየማለ።

በአንደኛው ሞከርኩት። ግማሹ ሳይገባ ተንፈራገጠ፣
«በመሣሪያው ላይ ቦታ የለም» ብሎ ነገሬን ቆረጠ።
ቦታ የለም። ይህን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፣
ከአከራይ አፍ፣ ከመሥሪያ ቤት፤ እሱን ለዛሬ ትቻለሁ።
«ፍቅር ካለ አንድ ቁርበት ለዘጠኝ» ብሎ የተረተው ሰው
ፍላሽ ሜሞሪን አያውቅም፤ እሱን ፍቅር አያሰፋው።

በዚህ መሀል ኤይኖ ገባ፣ በረዶ ከጫማው እያራገፈ፣
ሠላሳ ዓመት በጎተራ እህል ሲመዝን ያሳለፈ፣
ዛሬ የሕንፃው ቁልፍ ያዥ።
ስክሪኑን አየ። አልገባውም። ነገርኩት። ጥቂት ዝም አለ።
«ሚዛኑን በየፉርጎው ውስጥ ልትከቺው ነው?» አለኝ።
«ሚዛን እኔ ጋ ነበር። ፉርጎ የሚወስደው እህሉን ነው።»

እውነቱን ነው።
ሐሳቡን እዚሁ ልጨርሰው፣ ላፕቶፔ ላይ፣ ቦታ በሞላበት፤
ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ቁልፉን አበጥሬ፣ ደብዳቤ ልጻፍለት
ለያንዳንዱ የብቻውን። አምስት መስመር፣ ትርፍ የሌለበት፣
ደርሶ፣ ተናግሮ የሚወጣ፣ ኮተት ሳያስቀምጥበት፤
ስንቁን በአገልግሉ እንደያዘ መንገደኛ፣ በቆመበት
ውሃ እንኳ ሳይለምን «ደህና እደሩ» ብሎ የሚያልፍ ከቤት።

አንዲት ነገር ጨመርኩበት፦ ካለ እለፍ፣ ከሌለ ጻፍ፤
ሁለቴ ቢላክ እንኳ ነገር እንዳይደረብ፣ እንዳይተርፍ።

ላክሁት፣ አምስት አምስቱን።
አረንጓዴ። አረንጓዴ። አረንጓዴ።
የኤይኖ ሻይ ሳይበርድ ስድሳው አለቀ።
አንዱ ቀረ፤ አርባ ሰባት። ቀይ።
ደገምኩት። ሠለስኩት። ዝም።

ለዚህ ትእዛዝ የለም፤ ደረጃ ነው ያለው።
አራተኛ ፎቅ ወይዘሮ ቤርናዴት በካልሲ ወጥታ ከፈተችልኝ።
ራውተሩ ወለል ላይ ተኝቷል፤ ሶኬቱን መብራት ወስዶበታል፤
ከመብራቱ ስር፣ በእርጎ ኩባያ፣ ጥፍር የሚያህል ቲማቲም በቅሏል።
የካቲት ነው። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
«ማታ ማታ ለነሱ ነው» አለችኝ፣ «ቀን ቀን ለኢንተርኔት።»

አንድ ሶኬት። እዚህም ቦታ የለም።
ሰካሁት፤ አምስቱን መስመር በጣቴ ነገርኩት፤
አረንጓዴ ሲል ነቀልኩና መብራቷን መለስኩላት።

ወርጄ፣ በስም ዝርዝሩ ፋይል፣ ከአርባ ሰባት ጎን፣
ማሽኑ የሚዘለውን ምልክት አስቀድሜ ጻፍኩ፦
«ማታ አይጠራም። ቲማቲም አለ።»
አዛዡ አያነበውም፤ ራውተሩም አይሸከመውም።
ከእኔ ቀጥሎ እዚህ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው።