የቱምቢው ክር

ቀሃን ሲሻገሩ፣ ከወፍጮው ቤት ጀርባ፣
ዘይት የጠጣ በር፣ ዱቄት የተቀባ፣
ይህ ነው ያባቴ ቤት፣ የዋኘው መሥሪያ፣
የዋልጌ ቃታዎች የጠባይ ማረሚያ።

ማክሰኞ ከደምቢያ አዛናው መጣልን፣
በጋቢ ጠቅልሎ ምንሽር ይዞልን።
«ከርከሮ ጨረሰኝ፤ በቆሎ የለኝም፤
ሌት ቆሜ ብጠብቅ ዓይኔ አይለይልኝም።
ይህን ግጠምልኝ!» ጨርቁን በጥርስ ፈታ፤
ባለ ሁለት መስታወት፣ የሌሊት አለኝታ።

አባቴ ዳሰሰው። ማየትማ ካቆመ፣
ግራ ዓይኑ ሞራ ለብሶ ቀኙ ከደከመ፣
ሦስተኛ ክረምት ነው። ጣቱ ግን አልታመመ።
«እንጉዳይ፣ ነይ» አለኝ፤ «ዓይን ሁኚኝ ለዛሬ።»
ለዛሬ ይላል ሁሌ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ዛሬ።

ቤንዚን በነካ ጨርቅ የብረቱን ጀርባ ጠረግሁ፤
ዘይት የቀመሰ ብሎን ይከዳል፤ ይህን አውቃለሁ።
ካቻቢቴውን ይዤ አንዱን ጥርቅም ላደርግ ስል
እጄን ያዘኝ አባቴ፦ «ቀስ! እንዲህ አይደል።
አንዱን ብቻ ካጠበቅሽ ሌላው ይቀየማል፤
ሩብ ለዚህ፣ ሩብ ለዚያ። ብሎን ዳኝነት ይወዳል።

ከዓይን እስከ መስታወት አራት ጣት ተዪ» አለ።
ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ
ጠባሳ አለው፤ እሱ ሦስት ጣት ብቻ ትቶ ነበር።
ጠብመንጃ ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም ነው የሚናገር።

ቀጥሎ መስቀሉ። በመስታወቱ ውስጥ ያለው፣
ከጸጉር የቀጠነው፣ ቀጥ ማለት የሚያስፈልገው።
ከማዶ የግቢው ግንብ ማዕዘኑ ይታየኛል፤
«በሱ ልክ ላስተካክል? ከግንብ በላይ ማን ቀጥ ይላል?»
ሳቀ። «ተዪው፤ ግንብም እንደ ሰው ቆሞ ሳለ ያዘማል።
አያትሽ ድንጋይ ሲጠግን ቱምቢ ጥሎ ለክቶታል፤
ሁለት ጣት ወደ ምሥራቅ። ለማንም አልነገረም፤
ንጉሥ ያቆመውን ጠማማ ማለት አይደፈርም።»

ከጓሮው በር ጉበን ላይ ያያቴን ቱምቢ ሰቀለ፤
ክሩ ተወዛወዘ፤ እንደ ሰካራም ዋለለ።
ወፍጮው እስኪቆም ጠበቅን፤ ሲፈጭ ይርዳል ቤቱ፤
ለምሳ ሞተሩ ሲጠፋ ረጋ ክሩም፣ መሬቱ።
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፦ «ወደ ቀኝ። ትንሽ። አሁን አለፈ።
መልስ፣ የሰናፍጭ ያህል።»
ቁሙ መስመር ከክሩ ጋር ተኛ። ቤቱ በሙሉ አረፈ።

መዝጊያውን ነቅዬ ከኋላ በባዶው በርሜል አጮለቅሁ፤
ማዶ ጉብታው ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ መረጥሁ።
«መነጽሩም እሱኑ ይይ። የሚተኩሰውና የሚያየው
የተለያየ ካዩ ጎረቤት ነው የሚጎዳው።»

ቅዳሜ አንገረብ ወርደን መቶ እርምጃ ቆጠርን፤
ኩይሳው ላይ ወረቀት በእሾህ ወግተን ሰቀልን።
አዛናው ሦስት ተኮሰ። አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ጠፋ፤
«መነጽሩ ነው!» አለ፤ ምራቁን አፈር ላይ ተፋ።
አባቴ፦ «ለልጅቱ ስጣት።» አዛናው ዘገየ። ሰጠኝ።
አራት ጣት። ትንፋሽ። ግማሹን አወጣሁ። ትከሻዬን መታኝ።
ሁለተኛ። ሦስተኛ።
አባቴ ሄዶ ወረቀቱን ዳበሰ፤
ሦስቱንም ቀዳዳ በአንድ አውራ ጣት አለበሰ።
«ተሰብስበዋል፤ ቦታ ነው የሳቱ» እያለ ቁልፉን አዞረ፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ በጆሮው እንደ መቁጠሪያ ቆጠረ።

አዛናው ሊሄድ ሲነሣ አባቴ አፈሙዙን ያዘ፦
«ለከርከሮ ነው?»
«ለከርከሮ ነው።»
ዝምታው ረዘመ፤ ወንዙም የፈዘዘ።
ሁሉንም ይጠይቃል። ፊት አያይም፤ ድምፅ ይመዝናል፤
ቃል መሃሉ ላይ ሲያዘም በጆሮው ያደምጣል።
ከዚያ ለቀቀው።

ማታ ስንመለስ ቱምቢው ጉበኑ ላይ ቀርቷል፤
ወፍጮው ተነሥቷል፤ ክሩም አብሮት ይርዳል።
«ቀና ነው?» አለኝ አባቴ። የቱ? ብዬ አልጠየቅሁ።
«ወፍጮው ሲቆም አያለሁ» አልሁ።